እቴጌ ምንትዋብ፤ የነገሥታት እናትና አያት

ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ፣ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን ሃይማኖት በየስማቸው ጠርቶ ማመስገኑን አንባብያን ሁሉ ያውቁታል። ሐዋርያው እነዚህን ሁለት ሴቶች ያነሣቸው ስለ ሀብታቸው ወይም ስለ ትውልዳቸው አይደለም፤ በእነርሱ አስቀድሞ ያደረው እምነት በልጅ ልጃቸው ዘንድ ስለ ተገኘ ነው። ከዚህም የተነሣ በቤተ ክርስቲያናችን የእናትና የአያት ነገር ትልቅ ቦታ አለው። ቅድስት ሐናን የምናከብራት ድንግል ማርያምን ስለ ወለደች፣ የጌታችንም አያት ስለ ሆነች ነው። እኛም በዚህ ወር ጽሑፋችን በሀገራችን ታሪክ በእናትነትም በአያትነትም ስማቸው የሚነሣውን የእቴጌ ምንትዋብን ሕይወት ልናስታውስ አሰብን።

የእቴጌ ምንትዋብ ስም በተነሣ ቍጥር ሰዎች ሁሉ የሚናገሩት ስለ ግንቡ፣ ስለ መልካቸውና ስለ ግዛታቸው ነው። ይህን ሌሎች በብዙ መጻሕፍት ጽፈውታል። እኛ ግን በተለይ ልንመለከተው የወደድነው፣ አንዲት ሴት ልጇንና የልጅ ልጇን በዙፋን ላይ አስቀምጣ፣ ሁለቱንም በሕይወቷ ሳለች ቀብራ፣ ከዚያ በኋላ በምን ጸንታ እንደ ኖረች ነው። ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ጋር የቈጠረቻቸው አይደሉምና፣ ድካማቸውንም ከትሩፋታቸው ጋር ብንጽፍ የሚቀየመን እንደሌለ እናምናለን። ዘመኑንም የምንቈጥረው በሀገራችን አቈጣጠር ነው።

እቴጌይቱ የተወለዱት በ1699 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ወገናቸው ከቋራ ነው። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ፣ አያታቸውም ዮልያና ይባሉ ነበር። ሦስት ስሞች ነበሯቸው። በቤት የወጣላቸውና እስከ ዛሬ ሕዝብ የሚጠራቸው ምንትዋብ ነው፤ ይህም ምን ያህል ውብ ናት የሚል የአድናቆት ቃል ነው። በጥምቀት ወለተ ጊዮርጊስ ተባሉ። በነገሡ ጊዜ ደግሞ ብርሃን ሞገሳ የሚለው የመንግሥት ስም ተሰጣቸው።

ከዐፄ በካፋ ጋር የተገናኙበት ነገር እንደ ተረት በብዙ ሰው አፍ ይነገራል። ንጉሡ ራሳቸውን ሠውረው በየአገሩ ይዞሩ ነበርና፣ በቋራ ሳሉ ታመው በአንድ የአገሩ ባላባት ቤት እንዳረፉ፣ የቤቱም ልጅ በትጋት እንዳስታመመቻቸው፣ ድነው ወደ ጐንደር ከተመለሱ በኋላ ያችን ልጅ አስመጥተው እንዳገቧት ይተረካል። ነገሩ በዝርዝሩ እንደ ተባለው ቢሆንም ባይሆንም፣ የሕዝቡ ትዝታ ከመልካቸው ይልቅ ሕመምተኛን ያስታመመ እጃቸውን በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጡ መልካም ሆኖ እናገኘዋለን።

ዐፄ በካፋ ከ1713 ዓ.ም. ጀምሮ ነግሠው በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። ልጃቸው ኢያሱ የሰባት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረ። በዚያ ዘመን የንጉሥ አባቱ የሞተበት ሕፃን ዕጣው ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ የእናቲቱ ጭንቀት ሊሰወረው አይችልም። ዙፋኑን የሚፈልጉ የንጉሥ ዘሮች ብዙዎች ነበሩ፤ ለእነርሱም የሚያድሙ መኳንንት አይጠፉም። ስለዚህ ሕፃኑ ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ ሲነግሥ፣ እናቱም በዚያው ዓመት ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። የዘመኑ ዜና መዋዕልም የሁለቱን ታሪክ አንድ አድርጎ፣ የእናትንና የልጅን መንግሥት በአንድነት ይተርካል። ሁለት ዓመት ያህል እንደ ቈዩ፣ በ1725 ዓ.ም. ዐመፀኞች ሌላ ንጉሥ ሊያነግሡ ተነሥተው እናትንና ልጅን በጐንደር ግንብ ውስጥ ከበቧቸው። ከውጭ ርዳታ ደርሶ ከበባው እስኪሰበር ድረስ እቴጌይቱ ሕፃኑን ይዘው በዚያ ቈዩ። መንግሥቱም ጸና።

ከዚህ በኋላ ነው በጐንደር ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ የደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት። ስለዚህ ደብር ጥቂት ልንዘገይ እንወዳለን፤ የእቴጌይቱ ልብ ከሌላው ሥራቸው ሁሉ ይልቅ በዚህ ይታያልና።

ቍስቋም በላይኛው ግብፅ ያለ ተራራ ነው። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ ልጇን ታቅፋ፣ ከጻድቁ ዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ከአገር ወደ አገር ስትሰደድ ከቈየች በኋላ ያረፈችበት ስፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ማኅሌተ ጽጌውንና ሰቆቃወ ድንግልን እያደረሰች ይህን ስደት ታስባለች፤ በኅዳር 6 ቀንም የቍስቋምን በዓል ታከብራለች። ሊቃውንቱ በዚያ ዘመን ሌሊቱን ቆመው ሲያሸበሽቡ ያየ ሁሉ፣ የእናቲቱ ልቅሶና የአበባው ውበት በአንድ ዜማ እንዴት እንደ ተዋሐዱ ያውቃል።

እንግዲህ እቴጌ ምንትዋብ ካሉት በዓላት ሁሉ ይህን መርጠው፣ ካሉት ታቦታት ሁሉ ይህን ማስገባታቸው በዘፈቀደ የሆነ አይመስለንም። ጠላት የከበበውን ሕፃን ይዘው የተጨነቁ እናት፣ ሕፃኗን ይዛ የተሰደደችውን እናት መማፀናቸው ነው። ሌሎች ነገሥታት ድል ባደረጉበት ስፍራ ስለ ድላቸው መታሰቢያ ያንጹ ነበር፤ እርሳቸው ግን ለስደተኛይቱ እናት ቤት ሠሩላት። በአጠገቡም ለራሳቸው መኖሪያ የሚሆን ግንብ አሠሩ። ፍርስራሹ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በግድግዳው ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎችም ይታያሉ። ለደብሩ ካህናትና ሊቃውንት መሬት ሰጡ፤ መጻሕፍትን አስጽፈው፣ ንዋያተ ቅድሳትን አሟልተው አስገቡ። በከተማው መካከል በፋሲል ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ሌላ ግንብ ነበራቸው፤ ነገር ግን ልባቸው ወደ ኮረብታው ያደላ ነበር።

በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። ደሴቱን የተሳለመ ሰው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱን ሳያስተውል አያልፍም። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯም በታች እቴጌይቱ የከበረ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ሠዓሊዎች ባለጸጋ ያሠራውን ሥዕል ሲሥሉ የአሠሪውን መልክ በግርጌ ማኖር በዚያ ዘመን የተለመደ ነበርና፣ አንዳንድ ሰዎች ይህን ለታይታ የተደረገ ነው ይላሉ። ባለጸጎች በሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሳቸውን ክብር ሊያኖሩ እንደሚችሉ እኛም አንክድም። ነገር ግን የእቴጌይቱን እምነት ከሥዕሉ ብቻ አንመዝንም፤ መመዘኛው በኋላ መጣ።

ድካማቸውንም ልንሠውር አንሻም። በዘመናቸው የቋራ ሰዎች፣ ወንድሞቻቸውና ዘመዶቻቸው፣ በቤተ መንግሥት በዙ፤ ሹመቱ ሁሉ ወደ አንድ ቤት ያዘነበለ ስለ መሰለ ሌላው መኳንንት አጕረመረመ። ከወንድሞቻቸው ታላቁ ራስ ወልደ ልዑል እስከ ሞቱበት እስከ 1759 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥቱ ምሰሶ ነበሩ፤ ብልኅና ታጋሽ ሰው እንደ ነበሩ ይነገራል። እቴጌይቱ ከዐፄ በካፋ ሞት በኋላ የንጉሡ የእኅት ልጅ ከሆኑት ከግራዝማች ኢያሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ እነዚህም ወይዘሮ አስቴር፣ ወይዘሮ አልጣሽና ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ስለዚህ ነገር በከተማው ብዙ ሐሜት ነበረ፤ በንጉሡ ልጃቸውም ዘንድ ቅሬታ አሳደረ። ግራዝማች ኢያሱም በክፉ አሟሟት ሞቱ። እኛ ግን በመበለትነት ዘመናቸው ስለ ሆነው ነገር ፈራጆች ልንሆን አልተሾምንም።

ንጉሥ ኢያሱ እያደጉ ሲሔዱ አደንና ሥነ ሕንፃ የሚወዱ ሰው ሆኑ። መንግሥቱን ግን እናታቸውና አጎታቸው ይዘውት ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ከቀድሞው ከአድያም ሰገድ ኢያሱ ለይቶ ትንሹ ኢያሱ ይላቸው ጀመር። በ1736 ዓ.ም. ስማቸውን ሊያስጠሩ ወደ ስናር ዘመቱ። ዘመቻው አልሰመረም፤ ሠራዊቱ ተሸነፈ። ከሁሉ የከፋው ነገር ግን ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕልና የመስቀሉ ክፋይ በጠላት እጅ መውደቁ ነበር። ካህናቱም ሕዝቡም ከሞቱት ወታደሮች ይልቅ ስለዚህ አለቀሱ። በኋላም ብዙ ወርቅ ተከፍሎ ሥዕሉ ወደ ጐንደር ተመለሰ። ይህ ሥዕል ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ከሀገር ወጥቶ እስከ ዛሬ እንዳልተመለሰ ለሚያውቁ ምእመናን፣ የዚያን ጊዜው ልቅሶ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ንጉሥ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ገና የሠላሳ ሁለት ዓመት ያህል ጐልማሳ ሳሉ ዐረፉ። እቴጌይቱ በሰባት ዓመቱ ያነገሡትን ልጃቸውን ቀበሩ። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ዓለምን ትተው ወደ ቍስቋም ይገባሉ ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። እርሳቸው ግን አልገቡም፤ ምክንያቱም ሌላ ሕፃን ነበረ።

ይህ ሕፃን የኢያሱ ልጅ ኢዮአስ ነው። እናቱ ውቢት ትባላለች፤ በጥምቀት ስሟ ወለተ ቤርሳቤህ ናት፤ ወገኗም ከኦሮሞ መኳንንት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ጋብቻውን የመከሩት እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ናቸው፤ በዚህ ዝምድና መንግሥቱ ይጸናል ብለው ነበርና። ኢዮአስ በነገሠ ጊዜ አያቲቱ እንደ ቀድሞው በዙፋኑ አጠገብ ሊቀመጡ ወደዱ። እናቲቱም በበኩሏ፣ እርሳቸው ለልጃቸው የሠሩትን እኔም ለልጄ ልሠራ ይገባኛል ብላ አሰበች። ሁለቱም ሕፃኑን ይወዱት ነበር፤ በዚህ አንጠራጠርም። ነገር ግን አያቲቱ የቋራን ዘመዶቻቸውን ጠሩ፤ እናቲቱም ወንድሞቿንና የወገኖቿን ፈረሰኞች አስመጣች። ቤተ መንግሥቱም በሁለት ተከፈለ፤ ንጉሡም በሁለቱ ሴቶች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተሳበ አደገ።

እዚህ ላይ ካህናት ወንድሞቻችን የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት እንዲያስቡ እንወዳለን። አማትና ምራት በአንድ ሕፃን ፍቅር ሲቀናኑ፣ አንዷ የወለድኩት እኔ ነኝ፣ ሌላዋ ያሳደግሁት እኔ ነኝ ስትል የማናይበት ደብር የለም። በጐንደር ቤተ መንግሥት የሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በዚያ ቤት ከእያንዳንዷ ሴት በስተኋላ ሠራዊት መቆሙ ብቻ ነው። እቴጌይቱ በዕድሜም በብልኀትም የሚበልጡ ነበሩና፣ ለምራታቸው ስፍራ ቢለቁላት ኖሮ የልጅ ልጃቸው ዕድሜ ይረዝም ነበር ብለን ለማሰብ እንደፍራለን። ፍቅራቸው እውነተኛ ነበር፤ ይሁን እንጂ ልጁን የእርሳቸው ብቻ ሊያደርጉት በመፈለጋቸው፣ ሊጠብቁት ያሰቡትን ቤት እሳት እንዲገባበት በር ከፈቱ።

ራስ ወልደ ልዑል በ1759 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ሁለቱን ወገኖች የሚያስማማ ሰው ጠፋ። ስለዚህ የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ወደ ጐንደር ተጠሩ። ራስ ሚካኤል በዕድሜ የገፉ፣ በጦር የበረቱ፣ ብዙ ጠመንጃ ያላቸው ሰው ነበሩ። የእቴጌይቱን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን አገቡ። ለማስታረቅ የመጡትም ሰው ብዙ ሳይቈዩ ሁለቱንም ንግሥታት ወደ ጐን አድርገው ሥልጣኑን በእጃቸው አስገቡ። ንጉሥ ኢዮአስም ሊቋቋሟቸው በሞከሩ ጊዜ፣ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንት የሚሉትን የመከራ ዘመን የሚጀምሩት ከዚህ ግድያ ነው።

እስቲ የአያቲቱን ልብ እናስብ። የተገደለው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ያስገደለው የልጃቸው ባል ነው። በሟቹ ወገን ቢያለቅሱ በልጃቸው ቤት ላይ ያለቅሳሉ፤ በልጃቸው ወገን ቢቆሙ የልጅ ልጃቸውን ደም ይረሳሉ። ሄሮድስ ያልደረሰበትን ሕፃን እያሰቡ ለእመቤታችን ያሠሩት ደብር ደጃፉ ላይ ናቸው፤ የእርሳቸው ሕፃን ግን አላመለጠም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በእግዚአብሔር ላይ ያጕረመርማል፤ ቤት ሠርቼልህ ቤቴን አፈረስህብኝ ይላል። እቴጌይቱ ግን ያን ደብር አልተዉትም። በዚያው በቍስቋም፣ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ባለው ግንባቸው ተቀመጡ። እንግዲህ ቀደም ብለን የተናገርነው መመዘኛ ይህ ነው።

በዚያ ወራት እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር የሚነግረን በ1762 ዓ.ም. ወደ ጐንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው። በደረሰ ጊዜ በቍስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ የወይዘሮ አስቴርም ልጅ ከታመሙት መካከል ነበረ። አያቲቱ በጸሎትና በጠበል ላይ የሐኪምን እጅ ጨመሩበት። ብሩስም በሮቹንና መስኮቶቹን አስከፍቶ፣ ቤቱን በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ አሳጥቦ፣ ዕጣንና ከርቤ አሳጠነ። የአስቴር ልጅ ዳነ። ጠበልን የሚያምን ሰው ሐኪምን ይንቃል ብለው የሚናገሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያነቡት መልካም ነበር። እንግዳውንም በቍስቋም ማረፊያ ሰጥተው በእናትነት ተቀበሉት፤ እርሱም በመጽሐፉ ውስጥ በታላቅ አክብሮት ያነሣቸዋል።

ከንግግራቸው በአንዱ የሆነውን ብሩስ ጽፎት እናገኛለን። ይህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የዓባይን ምንጭ ለማየት ነበር። በመንገዱ ያየውን መከራ፣ የበረሃውን ሐሩርና የገዥዎቹን ክፋት የሰሙት እቴጌይቱ እጅግ ተደነቁ። የተደነቁት ግን በድፍረቱ አልነበረም። የኢየሩሳሌምን አገር አይቶ፣ ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ፣ ይዞት የማይሔደውን አንድ ወንዝና ረግረግ ሊያይ መምጣቱ ነው ያስገረማቸው። ከዚያም የራሳቸውን ምኞት ነገሩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የነገሡ ነገሥታት እናት የሆኑት እርሳቸው፣ ሌሊትና ቀን የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያላቸውን ሁሉ ትተው ወደ ጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን መድረስ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በደጃፉ እየለመኑ መኖርና፣ በመጨረሻው የዚያ ቤተ መቅደስ በር ከሚታይበት ጎዳና ላይ መቀበር።

ይህን ስናነብ በመቃብሩ ውስጥ እንኳ ስፍራ አለመለመናቸውን ልብ አልን። ደብር ያሠሩ፣ ግንብ ያነጹ ንግሥት ናቸውና በኢየሩሳሌም ባሉት የኢትዮጵያ ገዳማት ለመቀበር ቢመኙ ማንም አይነቅፋቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ጎዳናውን መረጡ፤ በሩ ብቻ ይታያቸው። ይህ ምኞት ለታይታ የተነገረ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ በቤታቸው ውስጥ ለአንድ የባዕድ አገር ሰው የተነገረ መሆኑን እናስታውሰዋለን። ምኞታቸውም አልተፈጸመም። ኢየሩሳሌምን ሳያዩ ሞቱ።

የራስ ሚካኤል ኃይል በበረታ ጊዜ እቴጌይቱ ከቍስቋም ተነሥተው፣ ልጃቸው ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ወዳሉበት ወደ ጐጃም ወጥተው ነበር። እርሳቸው የሚያውቁትን የስደት በዓል በእርጅናቸው በእግራቸው አደረሱት ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በእቅፋቸው ሕፃን አለመኖሩ ነው። ራስ ሚካኤል በ1763 ዓ.ም. በሰርባ ኩሳ ጦርነት ድል ከሆኑ በኋላ ወደ ጐንደር ተመለሱ። በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዕድሜያቸውም ስድሳ ስድስት ዓመት ያህል ነበር። ከወለተ እስራኤል የተወለደው የልጅ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ በጐጃም ገዥነቱ ስሙ የተጠራ ሰው ሆኗል።

የደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጐንደርን በወረሩ ጊዜ ከሌሎቹ አድባራት ጋር ተቃጠለ። በኋላም በዚያው ስፍራ እንደ ገና ተሠራ። ወደ ደብሩ የሚሔድ ሰው ካህናቱን ቢጠይቅ፣ መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ የሦስት ሰዎችን ዐፅም ያሳዩታል። ሦስቱም በአንድነት ነው ያሉት፤ እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጃቸው ኢያሱና የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ። በየዓመቱ የጽጌው ማኅሌት አልቆ ኅዳር 6 ቀን ሲነጋ፣ ምእመናን ነጭ ለብሰው ያን ኮረብታ ይወጣሉ፤ ታቦቱም በእልልታ ሲወጣ በዚያ ሣጥን አጠገብ የቆሙ አሮጊቶች የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው ይሳለማሉ።